«አገር ስጠኝ»፤ ስለ ስደት፣ ስለ ትዝታና ስለ ጠፋው የከተማ ሌሊት

በወግዲና በቦረና ደጋ፣ እንደዚሁም አማርኛ በሚነገርበት በሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ልጆች ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው የሚጫወቱት የእንቆቅልሽ ጨዋታ አንድ ልዩ ሕግ አለው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ እንቆቅልሹ ይነገራል፤ ተጠያቂው መልሱን ያጣ እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ያላወቀው ልጅ የሚከፍለው ካሣ ገንዘብ ወይም እህል አይደለም፤ አገር ነው። ጎንደርን ወይም ደሴን ወይም አዲስ አበባን ይሰጣል። ተቀባዩም በዚያች አገር ገብቶ ምን እንደ በላ፣ ምን እንደ ጠጣ፣ እንዴት እንደ ተንደላቀቀ በሰጪው ላይ እየቀለደ ይዘረዝርና፣ የእንቆቅልሹን ፍቺ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አገሩን ሳይሰጥ ፍቺውን የሚያገኝ የለም።

ይህ የልጆች ጨዋታ ነው። ነገር ግን ዐዋቂዎችም አገራቸውን በእውነት ሰጥተው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ከሚወዳት ከተማ የተሰደደ ሰው፣ ወይም እርሱ ሳይሰደድ ከተማይቱ ራሷ ከእግሩ ሥር የጠፋችበት ሰው፣ የቀረው ሀብት ትዝታው ብቻ ነው። ይህ ሰው በትዝታው ሊቀልድበት፣ ፊደሉን ገልብጦና ታሪኩን በታትኖ እንደ ልጅ እንቆቅልሽ ሊያደርገው ይገባዋልን? ወይስ ስደት የሐዘን ነገር ስለ ሆነ ቋንቋውም ማቅ መልበስ አለበት? የሚታወሰውስ ነገር የመጠጥና የዘፈን ሌሊት የሆነ እንደ ሆነ፣ ያንን ሌሊት በናፍቆት መጥራት ከኅሊና ጋር ይስማማልን? ጥያቄው የመጻሕፍት ሐያስያን ብቻ የሚከራከሩበት እንዳይመስለን። በተለይ በወሎ ምድር ሆኖ ለሚያነብ ሰው ጥያቄው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናመጣዋለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ ጨዋታ ማለት የልጆች ሩጫና የገበጣ ውድድር ብቻ አይደለም፤ ሰውና ሰው ተቀምጠው የሚለዋወጡት ወግም ጨዋታ ይባላል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሐዘን ቤት ልማዳችን ነው። ሰው የሞተበት ጎረቤት ዘንድ ከቀብር በኋላ ማታ ማታ የምንሄደው ሐዘንተኛውን «ልናጫውተው» ነው። በመጀመሪያ ሟቹን የማያነሣ ወግ ይጀመራል፤ ጥቂት ቆይቶ አንዱ፣ ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ያደረገውን አንድ አስቂኝ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ሐዘንተኛው በእንባው መካከል ይሥቃል። ያን ጊዜ ሟቹ፣ አልቃሽ ስታወድሰው ከነበረው ይልቅ፣ ራሱን መስሎ ከመካከላችን የተቀመጠ ይመስለናል። ሙሾ የሞተውን ሁሉ ጀግናና ቸር ያደርገዋል፤ ጨዋታ ግን ንፉግነቱንና ማንኮራፋቱን ሳያስቀር ይመልሰዋል። እንግዲህ ቋንቋችን ጨዋታን ከሐዘን ጋር ያጣላ ቋንቋ አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ሩቅ አገር እንሻገር። ኩባ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለችም፤ በ1970 ዓ.ም. ወታደሮቿ በኦጋዴን ከጦራችን ጎን ተሰልፈዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችም በዚያ ተምረው ተመልሰዋል። አብዮተኞቹ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት ግን ዋና ከተማዋን ሐቫናን ዓለም የሚያውቃት በሌሊት ሕይወቷ ነበር። ጊየርሞ ካብሬራ ኢንፋንቴ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ጊባራ በምትባል የኩባ ከተማ የተወለደ የፊልም ሐያሲና ጋዜጠኛ ነው (የኩባን ነገር ስናወራ ዓመታቱን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1961 ታናሽ ወንድሙ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የሐቫናን ሌሊት የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ተራ ሰዎች ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሌላ ነገር የለበትም። አዲሱ መንግሥት ግን ፊልሙን ከለከለው፤ ካብሬራ ኢንፋንቴ ያዘጋጀው የነበረው የሥነ ጽሑፍ ጋዜጣም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ደራሲው በኤምባሲ ሥራ ወደ ብራስልስ ተላከ። በ1965 ለእናቱ ቀብር ወደ ሐቫና ሲመለስ የሚያውቃትን ከተማ ፈልጎ አጣት፤ ከዚያ በኋላ አገሩን ለቆ ለንደን ተቀመጠ፤ በ2005ም እዚያው አረፈ።

በ1967 በባርሴሎና የታተመው መጽሐፉ ርእሱን ያገኘው ልጆች ምላሳቸውን ለማፍታታት ከሚሉት አፍ የሚያደናቅፍ አባባል ነው፤ ትርጓሜውም «ሦስት ያዘኑ ነብሮች» ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አንድም ነብር አይገኝም። የምናገኘው በ1958 ግድም የሐቫናን ሌሊት በመኪና እየዞሩ የሚያወሩ ጎረምሶችን ነው፤ አንዱ ተዋናይ፣ አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ፣ አንዱ ከበሮ መቺ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው። ቃል ይገለብጣሉ፤ ስም ያጣምማሉ፤ የታወቁ ደራስያንን አጻጻፍ እያስመሰሉ ይሣለቃሉ። አንዱ ገጽ ጥቁር ነው፤ ሌላው ገጽ በመስተዋት ካልታየ በቀር እንዳይነበብ ተገልብጦ ታትሟል፤ ምንም ያልተጻፈባቸው ገጾችም አሉ። ተራ አንባቢ ይህን ሲያይ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከሁሉ በላይ በቃላት የሚጫወተው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አስቀድሞ የሞተ ነው፤ የምናውቀው ጓደኞቹ በሚያስታውሱለት አነጋገርና በቴፕ በቀረው ድምፁ ብቻ ነው። እንደዚሁም የሙዚቃ መሣሪያ ሳያጅባት የምትዘፍን አንዲት ግዙፍ ጥቁር ሴት አለች፤ እርሷም ትሞታለች። ደራሲው አብነት ያደረጋት እውነተኛዋ ዘፋኝ በሰው ቤት ምግብ አብሳይ የነበረች ሴት ናት። ከጨዋታው ሥር ቀብር መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል።

መጽሐፉ በመጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በ1964 ሽልማት ባገኘበት ረቂቅ፣ ደራሲው በጠጪዎቹ ታሪክ መካከል የሽምቅ ተዋጊዎችን ታሪክ አስገብቶበት ነበር። በዚህ ወገን ትግሉን፣ በዚያ ወገን ጭፈራውን ያየ አንባቢ በጨፋሪዎቹ ላይ መፍረዱ አይቀርም። በኋላ ግን ተዋጊዎቹን አወጣና ሌሊቱን ለብቻው ተወው። ይህን ክህደት የሚለው ሰው ይኖራል፤ ነፃነት የሚለውም ይኖራል። እኛ ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት የራሳችንን ሌሊት ማየት ይሻለናል።

የአዲስ አበባ ሌሊት ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ፒያሳ አጠገብ የነበረው ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። ጎረምሶቹ «ውቤ በረሃ» አሉት። መጠጥ በሞላበት ሰፈር በረሃ የሚል ስም ማውጣት ራሱ ጨዋታ ነው፤ ደግሞም በአማርኛ በረሃ የገባ ሰው እንደ ሸፈተ ይቆጠራልና፣ ከሚስቱና ከአለቃው ተደብቆ ወደዚያ ለወረደው ጸሐፊ ስሙ ጥቂት የጀግንነት ወዝ ሳይጨምርለት አልቀረም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቡና ቤቶቹ በዚያ ሰፈር ተደርድረው ነበር፤ በትላልቆቹ ሆቴሎች ደግሞ ባንዶች እስከ ሌሊት ይጫወቱ ነበር። የሸክላ ማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ከዘመኑ ዘፈኖች ብዙዎቹ የደረሱን በእርሱ ድፍረት ነው። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ለረጅም ዓመታት ዘጋው። አምሃም ብዙ ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ያንን ሌሊት በመጽሐፍ ያቆየልን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። ዓድዋ አጠገብ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በአዲስ አበባ በጋዜጣና በመጽሔት ሥራ የኖረው ይህ ደራሲ፣ «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ሌሊቱ ገና ሳይጠፋ ነው። ሰው በስካርና በአልጋ ላይ የሚናገረውን ሳያለዝብ ስላሰፈረው ለማተም የሚደፍር አልተገኘም፤ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በፈረንሳይ አገር ሲታተም ውቤ በረሃ ወሬ ብቻ ሆኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አካባቢ ብዙ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ እንግዲህ ዛሬ ያንን ዓለም ለማየት የሚሻ ሰው ከመንገዱ ይልቅ መጽሐፉን ማንበብ ይቀናዋል። ከኩባው ታሪክ ጋር ያለው ልዩነት የሚደንቅ ነው። በዚያ የተሰደደው ደራሲው ነው። በዚህ ግን ደራሲው ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ በከተማው ኖሮ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ የተሰደደው መጽሐፉ ነው፤ ያውም በገዛ አገሩ ማደሪያ አጥቶ።

ስብሐትን በነውር የሚከሱት ብዙዎች ናቸው። እኛ ክሱ ቦታውን የሳተ ይመስለናል። ከእርሱ በፊት የነበረው ትምህርት ሰጪ ድርሰት ሴትኛ አዳሪን ሲያነሣ ብዙ ጊዜ ወይ እንድትሞት ወይ ንስሐ እንድትገባ ያደርጋት ነበር፤ በሁለቱም መንገድ ዝም ትላለች። በዚህ መጽሐፍ ግን ሴቶቹ ይናገራሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ወንዱ ሲሄድ በወንዱ ይሥቃሉ። ነውር ከተባለ ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ይበልጥ ነውር አይደለምን?

እንግዲህ ዝቅ ብለን እናመጣዋለን ወዳልነው ነገር ደረስን። የአዲስ አበባ ሌሊት እጅግ ባማረበት ዘመን፣ በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ ወሎ ይራብ ነበር። ከብቱ ያለቀበት ባላገር ወደ ደሴ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ይወድቅ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩን ሸሸገው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የረኃቡን ፊልም ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀያየጠ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙን የቀጣጠለው ሰው ያደረገው፣ ካብሬራ ኢንፋንቴ በመጀመሪያው ረቂቁ ያደረገውን ነው፤ የጠገበውን ፊት ከተራበው ፊት አጠገብ አስቀምጦ ተመልካቹን ለፈራጅነት ተወው።

ክሱ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። በሆቴሎቹና በቡና ቤቶቹ ከሚዘፈኑት ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው፤ ሁለቱም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ከተማው በወሎ ቅኝት እየተወዛወዘ ሲያድር የወሎ ሰው በባቲ መንገድ ይወድቅ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ ተቀምጦ «ያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚተክዘውን ወንድሙን ሲሰማ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ቢቀርበት አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ሲፈጸም ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንመልከት። ሌሊቱ ተዘጋ፤ በቀይ ሽብር ዓመታት ከጨለመ በኋላ በመንገድ የሚሰማው የጥይት ድምፅ ሆነ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ወሎ በዚያው ወር እንደ ገና ይራብ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ የኮረም ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ። የሌሎችን ግብዣ የከሰሰው መንግሥት የራሱን ግብዣ አልከሰሰም። የቡና ቤቱ መዘጋት ለአንድ የወሎ ቤት አንዲት ቁና እህል አላስገባም። ከዚህም በቀር በሰፈራው ዘመቻ ከወሎ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ተወሰደ፤ የአገሩን ድንበር ሳይሻገር ተሰደደ። ስለ ስደት ስንናገር አውሮፕላን የተሳፈረውን ብቻ የምናስብ ከሆነ ይህን ሕዝብ እንረሳዋለን።

እኛ በበኩላችን ከሳሹም ናፋቂውም አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሠሩ ይመስለናል። ሁለቱም ሙሾ ያወርዳሉ። ናፋቂው ሌሊቱን ሁሉ ብርሃን ያደርገዋል፤ ከሳሹ ሁሉን ኃጢአት ያደርገዋል። በሁለቱም ሥዕል ውስጥ ብርጭቆ ይዛ በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው ሴት ፊት የላትም። እርሷ ግን የጠገበው ወገን አይደለችም፤ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ናት፤ ከባል ቤት የሸሸች፣ ወላጆቿ የሞቱባት ወይም እህል ያጣች ልጅ ናት። ከተራበው አገር የተሰደደች ሆና ሳለች በጠገበው ሥዕል ውስጥ ተቈጥራለች። የቴሌቪዥኑ ፊልም እርሷን የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም፤ የናፋቂውም ዘፈን የለውም። በጨዋታ ግን ተራ የሚባል ነገር አለ። እንቆቅልሽ የጠየቀ ሁሉ መጠየቅ ይኖርበታል። ቁጭ ብለው ከሚጫወቱት መካከል አንዷ ዝም ያለች እንደ ሆነ «እስቲ አንቺስ ተጫወች እንጂ» መባሏ አይቀርም። ካብሬራ ኢንፋንቴ ተዋጊዎቹን አውጥቶ አብሳይቱን ዘፋኝ በመተዉ የፈጸመው ነገር ይህ ይመስለናል፤ ሆኖም ጎረምሶቹ ስለ እርሷ የሚናገሩትን ያህል እርሷ ስለ እነርሱ ብትናገር መጽሐፉ የበለጠ ፍርድ ዐዋቂ በሆነ ነበር። በዚህ ነጥብ የእኛው ስብሐት ይበልጠዋል ብንል ለአገራችን ያደላን አይመስለንም።

የዘፈኑስ ነገር? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እነዚያን አሮጌ ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ደጋግሞ አሳትሞ ለዓለም አሰምቷል፤ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ድምፅ ብቻውን ሲቀር ይጠራል፤ የፈሰሰው መጠጥ፣ የተሰበረው ጠርሙስ፣ ያልተከፈለው ሂሳብ በሸክላው ላይ አይገኝም። ያንን የሚያቆየው ልብ ወለድ ነው።

ከአገር የወጡት ደራስያኖቻችን ይህን ጨዋታ በልዩ ልዩ መንገድ ይዘውታል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባው ዲናው መንግሥቱ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ በዋሽንግተን ሱቅ የያዘ አንድ ኢትዮጵያዊና ሁለት ጓደኞቹ፣ አንዱ ከኬንያ አንዱ ከኮንጎ፣ የሚጫወቱትን ጨዋታ ያሳየናል። አንዱ የአንድ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌላው አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተደረገበትን ዓመት ማወቅ አለበት። ይህ «አገር ስጠኝ» ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? አባቱ በአብዮቱ ዘመን የተወሰደበት ያ ባለ ሱቅ ስለ አባቱ በቀጥታ ማውራት ሲያቅተው፣ ስለ አፍሪካ ጄኔራሎች ግን እየሣቀ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት ይችላል። አዳም ረታ ደግሞ በካናዳ ተቀምጦ በአማርኛ ይጽፋል፤ ለአጻጻፉም «ሕጽናዊነት» የሚል ስም አውጥቶለታል። በአንዱ ታሪክ ዳር ያለፈ ሰው በሌላው ታሪክ መካከል ይገኛል፤ ተራ ዕቃና ተራ ሽታ ታሪኮቹን ያያይዛል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ዓይነት ድርሰት ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ነው ብሎ ያማርራል፤ ቅሬታው ሁልጊዜ ከንቱ ነው አንልም። ይሁንና የአንድ ሰፈር ሰው ሲበተን የሰፈሩም ታሪክ አብሮ ይበተናል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ብሎ የሚነገርበት ቦታ አይገኝም።

ዛሬ ከወሎ የሚወጣው ስደተኛ ሌላ ነው። ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች የጅዳንና የቤይሩትን ሌሊት ያውቁታል፤ ግን የሚያውቁት ከወጥ ቤት መስኮት ነው። ግብዣው በሳሎን ሲደምቅ እነርሱ ሳህን ያጥባሉ፤ የዘፈኑን ዜማ ይለያሉ፤ የጨፈሩበት ግን አይደለም። ተመልሰው በአንድነት ቡና ሲጠጡ የእመቤቲቱን ዓረብኛ እያስመሰሉ፣ አንዱን ቃል ከአማርኛው ጋር እያጋጩ ይሣሣቃሉ፤ ሣቁም በድንገት የሚቋረጥበት ስፍራ አለው። ከእነርሱ አንዷ ወይም በዚያ ቡና ላይ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ያንን ጨዋታ በመጽሐፍ ሊያሰፍረው ብዕር ያነሣ እንደ ሆነ፣ ሣቁ ለሚቋረጥበት ስፍራ ምን ዓይነት ገጽ ይመርጥለት ይሆን? ጥቁሩን፣ ባዶውን፣ ወይስ ተገልብጦ የታተመውን?